የአጃ ቢራና የእናቶቻችን ጉሽ

የዛሬው ጨዋታዬ ስለ ቢራ ነው። የምትጾሙ ይቅር በሉኝ፤ መጠጥ የማትቀምሱም እስከ መጨረሻው ታገሡኝ፤ ወሬው ስለ መጠጡ ብቻ አይደለምና።

«ሴሽን» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል መጀመሪያ የለመድኩት አዲስ አበባ ጋዜጠኛ ሳለሁ፣ ፓርላማ ስመላለስ ነው። የምክር ቤቱ ጉባዔ «ሴሽን» ነው፤ ሰው ተቀምጦ የሚነጋገርበት፣ አንዳንዱም ተቀምጦ የሚያንቀላፋበት ማለት ነው። ጠማቂ ፈረንጆች ደግሞ ይህንኑ ቃል ለቢራ ሰጥተውታል። ሴሽን ቢራ አልኮሉ ዝቅ ያለ፣ ብዙውን ጊዜ ከመቶ 4 ወይም 4 ተኩል ገደማ የሆነ፣ ሰው ከወዳጆቹ ጋር ተቀምጦ ሁለት ሦስት እየደገመ፣ አንደበቱ ሳይተሳሰር አምሽቶ ቤቱ የሚገባበት ቢራ ነው። በአማርኛ ስም አውጣለት ብባል «የወግ ቢራ» እለው ነበር።

ከዚህ ቢራ ጋር የተገናኘሁት ባለፈው የካቲት ካልጋሪ ኢንተርናሽናል አየር ማረፊያ ውስጥ ነው። እኔም እንደ ብዙዎቻችን ይህን ቦታ የማውቀው መንገደኛ ለማድረስና ለመቀበል ስመላለስ ነው። የዚያን ዕለት ግን መንገደኛው እኔ ነበርኩ፤ ወደ ዊኒፔግ ለለቅሶ እሄድ ነበር። በረዶው ከሌሊት ጀምሮ ሲወርድ አድሮ ኖሮ አውሮፕላኑ ሦስት ሰዓት ይዘገያል ተባለ። ካልጋሪ የምትኖሩ እንደምታውቁት፣ በዚያ አየር ማረፊያ ነጭ የካውቦይ ባርኔጣ የደፉ፣ ቀይ ሰደርያ የለበሱ በጎ ፈቃደኞች አሉ። ከነሱ አንዱ ሽማግሌ ፊቴን አይተው ነው መሰል፣ «እስከዚያ ድረስ አንድ ነገር ቀማምስ» ብለው ወደ መጠጥ ቤቱ ጠቆሙኝ።

ቀጂው ወጣት «ይሄ የዚሁ የአልበርታ ነው፤ ቀለል ያለ ፔል ኤል ነው፤ አጃ ገብቶበታል» አለኝ። አጃ? እኔ አጃን የማውቀው በአራስ ቤት ነው፤ በአጥሚትነቱ። ልጁ መገረሜን አይቶ በትንሽ ብርጭቆ አቀመሰኝ። በኛ ሀገር ደንብ ቢሆን መጀመሪያ መቅመስ የነበረበት ቀጂው ራሱ ነው፤ ግዴለም፣ ሀገሩ ሌላ ነው።

የቢራውን ስም አልጽፍም፤ ማስታወቂያ ይመስልብኛል። ጣዕሙን ግን ልንገራችሁ። መልኩ የገለባ ዓይነት ቢጫ ሆኖ ደፍረስ ያለ ነው። ወደ አፍንጫ ሲያስጠጉት የብርቱካን ልጣጭ፣ የማንጎና የጥድ ሽታ ይመጣል። አፍ ውስጥ ሲገባ ለስለስ ይላል፤ ከዚያ መራራው ቀስ ብሎ ከኋላ ይከተላል። አልኮሉ ከመቶ 4 ነጥብ 2 ብቻ ነው። ቀላል መጠጥ ሆኖ ሳለ ግን እንደ ውሃ አልቀጠነም።

ምሥጢሩ ያለው አጃው ላይ ነው። አጃ በገንፎና በአጥሚት እንደምናውቀው የሚያወፍርና የሚያለሰልስ ነገር በተፈጥሮው አለው። አልኮሉ ሲቀነስ ቢራው ስለሚሳሳ፣ ያንን ጉድለት አጃው ይሞላል፤ ድፍርስ የሚለውም በከፊል በሱ ነው። ሽታውና ምሬቱ ደግሞ የሆፕ ነው፤ የፈረንጅ ጌሾ ብንለው ያስኬዳል። ሆፕ በእንጨትና በሽቦ ላይ የሚጠመጠም ሐረግ ነው፤ ለቢራ የሚፈለገው የሴቴዋ አበባ ነው። ቀድሞ ገብቶ ብዙ ከፈላ ምሬት ይሰጣል፤ ከፈላው መጨረሻ ወይም ከቀዘቀዘ በኋላ ሲጨመር ግን ሽታው ሳይተን ይቀራል።

ለሁለተኛ ዲግሪዬ ጀርመን ሀገር በነበርኩበት ጊዜ ይህን የመሰለ ነገር ማየት ብርቅ ነበር። የባቫርያ መሳፍንት በ1516 እ.ኤ.አ. ኢንጎልሽታት ላይ ባወጡት ሕግ፣ ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕና ከውሃ በቀር ሌላ ነገር እንዳይገባበት አዘዋል። ጀርመኖች እስከ ዛሬ ይኮሩበታል። አጃ ጨምሬ ጠመቅሁ የሚል ሰው እዚያ ዘንድ ነውር እንደሠራ ነው የሚታየው።

እኔ ይህን ሁሉ በሐሳቤ እያወጣሁ እያወረድኩ ሳለሁ፣ በዕድሜ ጠና ያሉ ሀበሻ ሴት የጽዳት ጋሪያቸውን እየገፉ አጠገቤ ቆሙ።

«ሀበሻ ነህ አይደል፣ ልጄ?»

«ነኝ እትዬ። እንደምን ዋሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ለመሆኑ ምን ዓይነት ነገር ነው የምትጠጣው? ደፍርሷል እኮ!»

አጃ እንዳለበት ነገርኳቸው። ጓንታቸውን አወለቁና ብርጭቆውን አንስተው አሸተቱት፤ ሥራ ላይ ስለነበሩ አልቀመሱትም። ጥቂት ዝም አሉና ሳቁ።

«ጉሽ ነው በለኛ! ጌሾው ግን ከመጠን አልፏል። የጠነሰሰችው ልጅ እጇ ገና አልተገራም።»

እኒህ ሴት የደብረ ታቦር ሰው ናቸው። እናታቸው ጠላ ጠምቀው በመሸጥ ነው ስድስት ልጅ ያሳደጉት። ከበራቸው ላይ እንጨት ተተክሎ፣ ጣሳ ተደፍቶበት፣ መንገደኛው ጠላ እንዳለ በዚያ ያውቅ ነበር። እንዲህ ሲሉ ነገሩኝ፦

«ከጉና በኩል የሚመጣ ገብስ ነበር። እናቴ ስታስለቅመኝ እንክርዳዱን አንዲት ፍሬ አታሳልፍም፤ እንክርዳድ ራስ ያዞራል። ሲናሩን ግን ‹ተይው፣ ጠላውን ያለሰልሰዋል› ትለኝ ነበር።»

ሲናር ማለት እንግዲህ የአጃ ዘመድ ነው! እኔም ቤቴ ከተመለስኩ በኋላ መጻሕፍት ሳገላብጥ እናታቸው ልክ እንደነበሩ አየሁ። የሀበሻ አጃ የሚባል፣ የሳይንስ ስሙም አቢሲኒካ የሆነ፣ ከኛ ደጋ ገብስ ጋር አብሮ የሚበቅል እህል አለ። ገበሬው ብዙውን ጊዜ ለብቻው አይዘራውም፤ ነቅሎም አይጥለውም። አብሮ አጭዶ፣ አብሮ ወቅቶ ለእንጀራውም ለጠላውም ያደርገዋል። ታዋቂው የሩስያ የዕፀዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ መጥቶ እህላችንን ሲያጠና፣ ይህን አብሮ የመኖር ነገር አይቶታል። ሌላው የደጋችን አጃም በስሙ ተሰይሟል። ሊቁ ራሱ ግን በስታሊን ዘመን ታስሮ በ1943 እ.ኤ.አ. ሳራቶቭ እስር ቤት ውስጥ በረኀብ ተጎድቶ ሞተ። የዓለምን እህል ሲሰበስብ የኖረ ሰው!

እንግዲህ ቀጂው ወጣት «አዲስ ነገር» ብሎ ያቀመሰኝን፣ የደብረ ታቦሯ ባለ ጠላ ያለ ዲግሪ ታውቀው ነበር ማለት ነው። አጃው አለ፤ መራራው ቅጠል አለ፤ ድፍርሱም አለ። አልኮሉም ቢሆን እንደ አጠማመቁ ቢለያይም ጠላ ብዙውን ጊዜ ከመቶ 2 እስከ 6 ባለው ውስጥ ነው። ይህም አለ ምክንያት አይደለም። ጠላ የደቦ መጠጥ ነው፤ የማኅበርና የሰንበቴ፣ የሠርግና የተዝካር መጠጥ ነው። ከጧት እስከ ማታ የሚቀመጥ ሰው ቶሎ የሚጥል መጠጥ አይሻም። «ሴሽን» የሚለውን ቃል ሳንሰማ ሴሽኑን ስንኖርበት ኖረናል።

«አሁንስ ይጠምቃሉ እትዬ?» አልኳቸው።

«ለማን ብዬ?» አሉኝ። «ልጆቼ በየፈረቃቸው ናቸው፤ አንዷ ስትገባ ሌላዋ ትወጣለች። ጠላ እኮ ለአንድ ሰው አይጠነሰስም፣ ልጄ።»

ጋሪያቸውን ገፍተው ሄዱ። ይህች ቃል ግን እስከ ዊኒፔግ ድረስ ተከተለችኝ።

ዊኒፔግ የሄድኩት ከኔ ጋር አንድ ጋዜጣ ላይ ሥራ የጀመረ ባልንጀራዬን ለመቅበር ነው። ሁለታችንም በተለያየ ጊዜ፣ በተለያየ በር ተሰደድን። እሱ ሌሊት መጋዘን እየሠራ፣ ቀን እየተኛ አሥራ አንድ ዓመት ኖረ። የተገኘው ከሞተ በሦስተኛው ቀን ነው፤ ያውም ሥራ ስለቀረ አለቃው ጠርጥሮ። ጠረጴዛው ላይ ያልተከፈተ ቢራና አንድ ብርጭቆ ነበር አሉ።

«ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ይላል የሀገራችን ሰው። ተረቱ የተተረተው ለስስታም ነው። ባልንጀራዬ ግን ስስታም አልነበረም፤ አዲስ አበባ ሳለን ደመወዙ ከወሩ አጋማሽ የማያልፈው ለጓደኛ ሲጋብዝ ነበር። ብቻውን የበላው ወዶ አይደለም። አብሮት የሚቀመጥ ሰው የሚያርፍበት ቀንና እሱ የሚያርፍበት ቀን አልገናኝ ብለውበት ነው። እናንተዬ፣ ስደት ሀገርን ብቻ አይደለም የወሰደብን፤ ቁጭ ብሎ ማምሸትን ነው የወሰደብን። መጠጡማ ሞልቷል፤ በየጥጉ በቆርቆሮ ታሽጎ ይሸጣል። ቆርቆሮ ግን የሚበቃው ለአንድ ሰው ነው፤ ተከፍቶ፣ ተጠጥቶ፣ ይጣላል። ጋን ግን ጎረቤት ካልተጠራ አያልቅም፤ አልቆ ካልታጠበም ሌላ አይጠነሰስበትም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ይህ ጸሐፊ ቆዝሞ ብቻ አይተወውም፤ አንድ ሐሳብ አለው።

አልበርታ የገብስ አገር ነው። ካልጋሪ ከተማ ውስጥ ቢራ በፋብሪካ መጠመቅ ከጀመረ ከ1892 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው፤ የኛው ጊዮርጊስ በ1922 ከመቋቋሙ 30 ዓመት ቀድሞ ማለት ነው። ለብዙ ጊዜ ግን የክፍለ ሀገሩ ደንብ ጠማቂ ሊሆን የሚሻ ሁሉ ትልቅ መጠን ማምረት እንዲችል ያስገድድ ስለነበር ትንንሾቹ መግባት አልቻሉም። በ2013 መጨረሻ ይህ ወለል ሲነሣ ትንንሽ ጠማቂዎች በየሰፈሩ በቀሉ፤ እኔ አየር ማረፊያው ውስጥ የቀመስኩትም የዚያ ዘመን ፍሬ ነው። እኛ ደግሞ ፋብሪካም አያስፈልገንም። ለራስ መጠጥ ቤት ውስጥ መጥመቅ እዚህ አይከለከልም፤ የተከለከለው ያለ ፈቃድ መሸጥ ነው። ገብሱ እዚሁ ነው። የተፈጨ ጌሾ በየሀበሻው ሱቅ አለ። አጃውንማ በየቁርሱ እንበላዋለን!

የሌለን ሁለት ነገር ነው፤ ጋንና ቀን። ለጋኑ የምግብ ፕላስቲክ ባልዲ ይተካዋል። በወይራ ጭስ ሲታጠን የቤቱ የጭስ ደወል መጮኹ አይቀርምና ደጅ አውጥቶ ማጠን ነው። ለቀኑ ግን መተኪያ የለውም፤ መስጠት አለብን። አሥራ ሁለት ቤተሰብ ይሰባሰብ፤ በወር አንድ ቀን፣ ተራ በተራ። ባለተራው አንድ እናት ይጋብዝ፤ እሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ይዘዙ፣ ልጆቹ ይሥሩ። ጌሾው ስንት ቀን እንደሚጠነሰስ፣ ብቅሉ መቼ እንደሚገባ፣ ቂጣው እንዴት እንደሚጋገር፣ እንኩሮው እስከምን እንደሚነኮር፣ ከልጆቹ አንዱ ይጻፈው። ይህ እውቀት ተጽፎ የተቀመጠው ከሁሉ በላይ በእናቶቻችን እጅ ላይ ነው፤ እነሱም በየአየር ማረፊያውና በየሆቴሉ ወለል እየጠረጉ ነው ያሉት። ማንም አልጠየቃቸውም።

ለማይጠጣ ቀሪቦ ይደረግለት። መጠጥ ጎድቶት ለተወ ወንድማችን ቡና ይፈላለት፤ ዋናው መቀመጡ ነውና። መኪና የሚነዳ ቁልፉን ለባለቤቱ ያስረክብ፤ ታክሲ ነጂዎች መሆናችንን አትርሱ። ፖለቲካውም ይነሣ፣ ክርክሩም ይሙቅ፤ ከቤት ሲወጣ ግን ሁሉም የሁሉንም ስልክ ይዞ ይውጣ። በሚቀጥለው ወር አንዱ ቢቀር፣ በዚያው ምሽት «ምነው ቀረህ?» የሚለው ሰው ይኑር።

የመጀመሪያው ተራ የኔ ነው። ገብሱን አጥቤ ለብቅል ዘፍዝፌዋለሁ፤ እንክርዳድ የለበትም፤ አጃ ግን ጥቂት ጨምሬበታለሁ። የቀሩት አሥራ አንድ ቤቶች ናቸው።

ቸር ይግጠመን።