ሰውዬው ትናንት ማታ በስንት ሰዓት ገባ?

ባለፈው ሳምንት ቤተሰብን ስለማጠናከር የግንዛቤ ማስጨበጫ ዘመቻ ሊመከር ነውና ና ተብዬ ሄድኩ። ረጅም ጠረጴዛ፣ የታሸገ ውኃ፣ ግድግዳው ላይ በፕሮጀክተር የተለቀቀ ፖስተር። አባት ሹራብ ለብሶ፣ እናት ነጠላዋን ጣል አድርጋ፣ ወንድና ሴት ልጅ መሀል ገብተው አራቱም ይስቃሉ። ከሥር «ጠንካራ ቤተሰብ ለጠንካራ ሀገር» ይላል። ክርክሩ ያለቀው የዘመቻው ቲሸርት ነጭ ይሁን ቢጫ በሚለው ላይ ነው። (ቢጫ አሸነፈ።)

አስተያየት ስጥ ሲሉኝ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ፤ «ይሄ ሰውዬ ትናንት ማታ በስንት ሰዓት ነው የገባው?»

ተሳቀ። እኔ ግን የምሬን ነበር። ሲስቅ ለሚያመሽ ቤተሰብ ዘመቻ ምን ያደርግለታል? ዘመቻው የሚያስፈልገው ደመወዙን የት እንዳደረሰው ለሚስቱ ያልነገረው፣ ልጁን ከመታ በኋላ በረንዳ ላይ ቆሞ የሚቆጨው፣ ይቅርታ ለማለት ከየት እንደሚጀምር የጠፋው ሰው ነው። እሱ ደግሞ ፖስተሩን አይቶ «እነዚህማ ደልቷቸው ነው» ብሎ ያልፋል።

«የቀን ቅኝት»ን የምታስታውሱ አላችሁ? ከግንቦት 1994 እስከ ኅዳር 1997 ዓ.ም. በሬዲዮ የተላለፈ፣ 257 ክፍል የነበረው ድራማ። እኛ ቤት ሰዓቱ ሲደርስ እናቴ ቡና መውቀጧን ታቆማለች፤ ሙቀጫው ድምፁን ይሸፍንባታላ። አባቴ ጋዜጣ የሚያነብ ይመስላል፤ ገጹ ግን አይገለበጥም። ስለ ኤች አይ ቪ፣ ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ ሲነሳ ማንም ትንፍሽ አይልም፤ ማንም ግን ተነስቶ አይወጣም።

ድራማው የተሠራበት ዘዴ የሜክሲኮው የድራማ አዘጋጅ የሚጌል ሳቢዶ ነው። ድራማው ውስጥ ጥሩ ሰው አለ፣ መጥፎ ሰው አለ፤ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ግን ሦስተኛው፣ የሚወላውለው ነው። ዛሬ ልብ ይገዛል፣ ነገ ይረሳል፣ ሰው ምን ይለኛል ብሎ ይመለሳል። ወራት ፈጅቶ፣ ዋጋም ከፍሎ ነው የሚለወጠው። አድማጭ ራሱን የሚያገኘው እሱ ላይ ነው። ለ«የቀን ቅኝት» ከ15 ሺህ በላይ ደብዳቤ መጥቷል። ለቲሸርት ደብዳቤ የጻፈ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ደግሞስ ፖስተሩን ያየው ሰው ልቡ ቢነካ ወዴት ይሂድ? ፖስተሩ ላይ ስልክ የለም፣ አድራሻ የለም። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ ፍርድ ቤት ሊፋቱ ለመጡ ጥንዶች እስከ ሦስት ወር የሚደርስ የማሰላሰያ ጊዜ እንዲሰጥ ይፈቅዳል። ይህን ስንቱ ባለትዳር ያውቃል? ይህን መንገር እኮ ከመፈክር ይረክሳል።

አንድ ነገር ግን ስብሰባው ላይም ተናግሬዋለሁ፤ የምትደበደብን ሴት «ለልጆችሽ ስትይ ቻዪው» የሚል ዘመቻ ከሆነ እኔ የለሁበትም።

ቲሸርቱ ታዟል፣ እሱ አለቀ። ፖስተሩ ግን ገና አልታተመም፤ ማክሰኞ እንደገና እንሰበሰባለን። ቤታችሁ የሚወላውል ሰው ካለ፣ እናንተም ራሳችሁ ብትሆኑ፣ አንድ ምሽቱን በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስም አያስፈልግም። የገባበት ሰዓት ይበቃኛል።