ከምርመራ የተረፈው ሽብልቅ

ዕድሜዬን የፈጀሁት ከመገናኛ እስከ ጉርድ ሾላ ባሉ ጋራዦች ላሜራ ስቀጠቅጥና ስበይድ ነው። እዚህ የምመሰክረው ስለ ፓተንት ምርመራ ነው። በእኛ ሙያ መከራ ብዙ ነው፤ የብየዳ ብርሃን ዓይን ያቃጥላል፣ ክሪክ ተንሸራቶ መኪና ሰው ላይ ይወድቃል። ይህን ሁሉ አይቻለሁ። ለዓመታት ያሰብኩትንና በእጄ የሠራሁትን ነገር ክፍል በክፍል እየነጣጠሉ «ይህ ቀድሞ የነበረ ነው፤ ይህም የነበረ ነው» ሲሉኝ የደረሰብኝን ያህል ግን አንገቴን ያስደፋኝ የለም። ከዚያ በሕይወትም በሥራም ወጥቻለሁ፤ እንደኔ ያለ ባለሙያ ምን እንደሚጠብቀው ቢያውቅ መልካም ነው ብዬ ጻፍኩት።

ነገሩ የመኪና ጣሪያ ነው። በቀትር መገናኛ ላይ ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ወደ ሲኤምሲ፣ ወደ ኮተቤ፣ ወደ ቦሌ፣ ወደ ሃያ ሁለት የሚሄደው ሕዝብ ሁሉ እዚያ ይገናኛል። ሚኒባሱ እስኪሞላ ይቆማል፤ ከሞላ በኋላ ደግሞ መንገዱ ተዘጋግቶ ይቆማል። ጣሪያው ቀጭን ላሜራ ነው፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ሙቀቱን ወደ ውስጥ ይለቀዋል። የሞቀ አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ ላይ ሲደርስ ግን መውጫ የለውም። የጎን መስኮት ቢከፈት አጠገቡ ያለው ይተነፍሳል፤ የመጨረሻው ወንበር ላይ ሕፃን ታቅፋ የተቀመጠች እናት ግን የሚደርሳት የለም። ሰው ራሱን ስቶ ሲወርድ አይቻለሁ። ጣሪያው ላይ ረዳቱ በእጁ ገፍቶ የሚከፍተው ክዳን ቢኖርስ ብዬ ማሰብ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

አንዳንድ የቤት መኪናዎች ሳንሩፍ የሚባል የሚከፈት የጣሪያ ክዳን አላቸው፤ ብዙዎቹ በሞተር ነው የሚሠሩት። ሞተሩ ሲቃጠል ክዳኑ ተከፍቶ ይቀራል፤ ክረምት ከሆነ ዝናቡ ወንበሩ ላይ ይወርዳል። መለዋወጫው ውድ ነው፣ ቢገኝም ቶሎ አይገኝም። ቀን ሙሉ ለሚሠራ የሕዝብ ማመላለሻ የሚሆነው በእጅ የሚንቀሳቀስ፣ ማንም መካኒክ በመፍቻ ፈትቶ የሚገጥመው ነገር ነው።

የሠራሁት እንዲህ ነው። ሁለት የአልሙኒየም ሐዲዶች ከጣሪያው ሥር በቁመት ይሄዳሉ፤ ክዳኑ በእነሱ ላይ ይንሸራተታል። የክዳኑን ሁለት ጎኖች አንድ ዘንግ ያያይዛቸዋል፤ በዘንጉ መሃል እጀታ አለ፤ በሁለቱ ጫፎቹ ደግሞ ሐዲዱ ውስጥ የሚገቡ ሽብልቆች አሉ። እጀታው ሲለቀቅ ሞላ ሽብልቁን ወደ ጠበበው በኩል ይገፋዋል፣ ክዳኑም ባለበት ይያዛል። ሾፌር ድንገት ፍሬን ሲይዝ ክዳኑ ወደ ፊት መሮጥ ይፈልጋል፤ ያው ግፊት ሽብልቁን ይበልጥ ያጠብቀዋል። ለዳገት ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ የቆመ ሌላ ጥንድ አለ። እጀታው ወደ ታች ሲሳብ ብቻ ሁሉም እኩል ይለቃሉ። ይህን የሞከርኩት ተገልብጦ ከተጣለ ሃይስ ሚኒባስ ላይ በቆረጥኩት ጣሪያ ነው። ውኃ በቱቦ አፈሰስኩበት፣ አቧራ በተንኩበት፣ በመዶሻ እየመታሁ አንቀጠቀጥኩት። ያዘ።

አንድ ከቴክኒክና ሙያ የተመረቀ ልጅ ሥዕሉን በኦቶካድ ሠራልኝ፤ መግለጫውን በአማርኛ እኔው ጻፍኩት። በአገራችን የፓተንትን ጉዳይ የሚገዛው የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ነው። ፓተንት የሚሰጠው ፈጠራው አዲስ ሲሆን፣ ለሙያው ሰው ግልጽ ያልነበረ እርምጃ ሲኖረውና በኢንዱስትሪ ሊሠራበት ሲችል ነው። ዘመኑ 15 ዓመት ነው፤ በአገር ውስጥ በአግባቡ በሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ይጨመርለታል። ከባዱ «አዲስ» የሚለው ነው። አዲስ ማለት ለመገናኛ፣ ለአዲስ አበባ ወይም ለኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት በየትኛውም የዓለም ክፍል በጽሑፍ፣ በቃል ወይም በአጠቃቀም ለሕዝብ የተገለጠ ነገር ሁሉ ይቆጠራል።

ባስገባሁት ማመልከቻ፣ በመብት ጥያቄዬ አንደኛ ቁጥር ላይ ሰፊውን አስቀመጥኩ፦ በእጅ የሚንሸራተት፣ በተፈለገው ቦታ የሚቆም የተሽከርካሪ ጣሪያ ክዳን። ከሥሩ ሐዲዱን፣ የውኃ መውረጃውን፣ ዘንጉን፣ ሽብልቁን በየተራ ዘረዘርኩ። አመልካች ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ከሰፊው ጀምሮ ወደ ጠባቡ ይወርዳል።

የምርመራው ደብዳቤ ሲደርሰኝ ጋራዡ በር ላይ ቆሜ አነበብኩት። የተንቀሳቃሽ ጣሪያ ፈጠራዎች በዓለም አቀፉ የፓተንት ምደባ ቢ60ጄ 7 በሚባል ክፍል ይሰበሰባሉ፤ ለካ ክፍሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሞላ ነው። እንግሊዛዊው ኖኤል ሞብስ ፒችሊ የተባለውን ተንሸራታች ጣሪያ ፓተንት ያስደረገው እ.ኤ.አ. በ1925 ነው። የጀርመኑ ቬባስቶ የሚታጠፈውን የመኪና ጣሪያ በ1932 አውጥቷል። አሜሪካ ውስጥ ናሽ ኩባንያ በ1937 ሳንሩፍ ለገበያ አቅርቧል፤ ከጀርመን የሄደው ሄንዝ ፕሬክተር ደግሞ በ1965 ለሳንሩፍ ብቻ የቆመ ድርጅት መሥርቷል። እኔ ከመወለዴ በፊት ሰዎች በዚህ ጉዳይ ሲጨነቁ ኖረዋል። ሐዲዱ የነበረ ነው። ከክዳኑ ጠርዝ ውኃ ሰብስቦ በመኪናው ምሰሶ ውስጥ በቱቦ ወደ መሬት የሚያወርደው ዘዴም የነበረ ነው። ከጥያቄዎቼ አንዱ በሌላው ላይ ወደቀ። ያን ቀን ወደ ቤቴ በእግሬ ሄድኩ፤ ለባለቤቴም ምን እንደምላት አላወቅኩም።

መልስ ለመስጠት በቀረብኩ ጊዜ ያገኘኋት መርማሪ በዕድሜ ልጄ የምትሆን ናት። በአክብሮት ነው የተቀበለችኝ። ሥዕሌን ዘርግታ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፦

«ጋሼ፣ ይህ ከቮልስ ጣሪያ በምን ይለያል?»

ቮልስ ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ መኪና አይደለችም። የቮልስዋገን ፋብሪካ ከእ.ኤ.አ. 1964 ሞዴል ጀምሮ የቀድሞውን የሸራ ጣሪያ ትቶ፣ በእጅ በሚዞር ማንቀሳቀሻ የሚከፈት የብረት ክዳን አድርጎላታል። በእጅ ይከፈታል፣ ይንሸራተታል፣ በፈለጉት ቦታ ይቆማል። የአንደኛ ቁጥር ጥያቄዬ ቃል በቃል ያለው እዚያ ላይ ነው። ዛሬም በመገናኛ አደባባይ ሲያልፉ ከሚታዩት መካከል ይህ ጣሪያ ያላቸው አሉ። መልስ አልነበረኝም። «ጊዜ ይስጡኝ» አልኳት። ሰጠችኝ።

ጉርድ ሾላ አካባቢ አንድ ወዳጄ አሮጌ ቮልስ አለው። ለምኜው ማንቀሳቀሻውን ፈታሁት። ውስጡ ትንሽ ጥርስ አለ፤ ጥርሱ ሲዞር እንደ ብሎን የተጠማዘዙ ሁለት ጠንካራ ሽቦዎችን በግራና በቀኝ ቱቦዎች ውስጥ ይገፋል፤ ሽቦዎቹ ክዳኑን ይጎትቱታል። ብልሃቱ ያስደንቃል። ጉድለቱም እዚያው ነው። ጥርሱ ወይም አንዱ ሽቦ ሲበላ አንደኛው ጎን ይቀድማል፣ ሌላው ይዘገያል፤ ክዳኑ ይንጋደድና ይነክሳል። የወዳጄ መኪና ክዳን ከተነከሰ ዘመን አልፎታል፤ በሲሊኮን ዘግቶታል። የኔ ክዳን ጥርስም ሽቦም የለውም። ሁለቱ ጎኖች በአንድ ዘንግ ስለተያያዙ አንዱ ሌላውን አይቀድምም፤ የሚይዘውም ጭነቱ ራሱ ነው። ከቮልስ አጠገብ ተንበርክኬ ሳለሁ የኔ የሆነው ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ተለይቶ ታየኝ። የኔ ጣሪያው አይደለም። የኔ ሽብልቁና ዘንጉ ነው።

ሰፊውን ጥያቄ ሰርዤ በዚህ ላይ ብቻ ቆምኩ። መርማሪዋ በጥሞና ሰማችኝ፤ ቀጥላ ሌላ ሰነድ አወጣች። ሊፍት ከልኩ በላይ ሲፈጥን ወይም ገመዱ ሲበጠስ ሐዲዱን ነክሶ የሚያቆም ሽብልቅ አለው፤ ጭነት በበዛበት ቁጥር የሚጠብቅ። የታወቀ ነገር ነው። ሽብልቁ ከሊፍት፣ ክዳኑ ከመኪና ቢወሰድና ቢጋጠም ለሙያው ሰው ግልጽ አይሆንም ወይ? የፓተንቱ ጥያቄ እዚህ ላይ ወደቀ።

በኋላ ሳነብ ይኸው ክርክር በትልቁም ዓለም እንዳለ አየሁ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 ኬኤስአርና ቴሌፍሌክስ በተከራከሩበት ጉዳይ፣ ከፍና ዝቅ የሚል የመኪና ፔዳል ላይ የኤሌክትሮኒክ ሴንሰር መግጠም ለሙያው ሰው ግልጽ ነበር ብሎ ፓተንቱን ጥሎታል። በዚያን ጊዜ ግን ይህ አላጽናናኝም። ሕጉ «የሙያው ሰው» ሲል የሚያወራው ስለ እኔ ነው። ሠላሳ ዓመት ላሜራ የቀጠቀጥኩት እኔ ግልጽ ሆኖልኝ ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ሌሊት እንቅልፍ ባላጣሁ። ይህን ዛሬም በሙሉ ልቤ አምናለሁ። የመርማሪዋን ሚዛን ግን አልነቅፍም፤ እሷ የምትመዝነው የኔን ድካም ሳይሆን በዓለም ላይ የተጻፈውን ነው።

ያዳነኝ የዚያው አዋጅ ሌላው በር ነው። አነስተኛ ፈጠራ የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት ይሰጠዋል። እዚህ የሚጠየቀው አዲስነትና በኢንዱስትሪ ሊሠራበት መቻሉ ነው፤ «ለሙያው ሰው ግልጽ ነው ወይ» የሚለው መሰናክል የለም። አዲስነቱም የሚለካው ኢትዮጵያ ውስጥ በታወቀውና በሥራ ላይ በዋለው ነው። ሰፊው ጥያቄዬ በዚህም በር አያልፍም ነበር፤ ቮልስ መንገዳችን ላይ ናትና። በሽብልቅ የሚያዝ የመኪና ጣሪያ ክዳን ግን በአገሩ አልነበረም። በዚህ መልክ እንደገና አመለከትኩ።

መከራው በዚህ አላበቃም። አዲሱ ማመልከቻ ገና ሳይገባ ስሙን የማልጠራው ነጋዴ ጋራዥ መጥቶ ክዳኑን በብዙ ሚኒባሶቹ ላይ እንድገጥምለት፣ ቀብዱንም ዛሬውኑ እንደሚከፍለኝ ነገረኝ። የጋራዡ ኪራይ ተከማችቶብኝ፣ ኮምፕረሰሬን ሸጬ ነበር። ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ዕቃው በአደባባይ ከሠራ ግን አዲስነቱ ጥያቄ ውስጥ ይገባል። ጣሪያውን በሸራ ሸፍኜ «የለም» አልኩት። ባለቤቴ ነገሩን ስትሰማ ዝም አለች፤ በማግስቱ ከዕቁቧ ለኪራዩ ሰጠችኝ። ይህ ምስክርነት ከኔ ይልቅ ለእሷ ይገባል።

ሰርተፊኬቱ ወጣ። በእጄ የያዝኩት መብት መጀመሪያ ከጠየቅኩት በጣም ያነሰ ነው፤ አንድ ዘንግ፣ ጥንድ ጥንድ ሽብልቆች፣ አንድ ሞላ። ከፍርሃት ነጻ ሆኜ የምናገርበት መብት ግን ይህ ነው፤ ማንም መጥቶ ሊፈትሸው ይችላል፣ ተፈትሿልና።

በየጋራዡ ላላችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ የምለው አለኝ። ዕቃችሁን ማመልከቻ ሳታስገቡ መንገድ ላይ አታውጡት፤ ለዘመድም ሠርታችሁ አትግጠሙ። በሙያችሁ የታወቀውን አሮጌ ዕቃ ፈትታችሁ ከእናንተው ጋር አስተያዩት፤ ልዩነቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ እስክትችሉ ድረስ። ፓተንቱ ቢከለከል የግልጋሎት ሞዴሉን በር አንኳኩ። ቅጥቅጥና ሚኒባስ የምትሠሩ ባለ ጋራዦች ደግሞ ኑና ክዳኑን እዩት። ሰርተፊኬቱ የሚጸናው ለ5 ዓመት ነው፤ ለሌላ 5 ዓመት የሚታደሰው ፈጠራው እዚሁ አገር በሥራ ላይ መዋሉ ሲረጋገጥ ብቻ ነው።