የቱርቦ መኪና ካንዴላ፦ "ቀዝቃዛው ይሻላል" ለምትሉኝ ልጆቼ



ሰሞኑን በውስጥ መስመር አንድ ዓይነት ጥያቄ ስለበዛብኝ እዚሁ ለሁላችሁም ልመልስ ብዬ ነው። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ነገሩን የቀሰቀሰው አሜሪካ ቨርጂኒያ የሚኖር ተማሪዬ ነው። ሱባሩ ደብሊውአርኤክስ ገዝቷል፤ ቱርቦ ያለው የቤንዚን መኪና። "ቲቸር፣ ጓደኞቼ ሁለት ደረጃ ቀዝቃዛ ካንዴላ አስገባበት ይሉኛል፤ ላስገባ?" አለኝ። እኔ ደግሞ ያለሁት ዘንገና አጠገብ ነው። በእኛ መንገድ ቱርቦ ሲባል ሰው ትዝ የሚለው አይሱዙ ነው። አይሱዙው ናፍጣ ስለሆነ ካንዴላ የለውም፤ አየሩን አምቆ በሚፈጥረው ሙቀት ነው ነዳጁን የሚያቀጣጥለው። ቢሆንም ሕጉ እዚህም እዚያም አንድ ነው።

ከአየሩ እንጀምር። ዘንገና ሐይቅ ዳር፣ ከባሕር ወለል ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ፣ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ለዚህ ነው በካርቡራተር የሚሠሩ የድሮ መኪኖች እኛ ጋ ሲመጡ አቅም የሚያንሳቸው። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ስንቱን በብርጭቆ ወረቀት ስንፈትግ ኖረናል!

ቱርቦ የዚህ ተቃራኒ ነው። አየሩን ጠቅጥቆ ሲሊንደሩ ውስጥ ያስገባል። አየር በታመቀ ቁጥር ደግሞ እሳቱ ክፍተቱን ለመዝለል የበለጠ ቮልቴጅ ይፈልጋል። ቦቢናው ካልቻለ መኪናው ቤንዚን ሲረገጥ ይቆራረጣል፣ ይንገጫገጫል። ስለዚህ በተራ ሞተር ላይ 1.1 ሚሊሜትር ድረስ የሚሆነው ክፍተት ቱርቦ ላይ ብዙ ጊዜ ወደ 0.7 ወይም 0.8 ይጠባል። የእናንተ መኪና ትክክለኛ ቁጥር ግን መመሪያ መጽሐፉ ላይ ነው ያለው፤ ከጓደኛ አፍ አትውሰዱት።

አሁን ወደ "ቀዝቃዛ" እንምጣ። ብዙ ሰው ቀዝቃዛ ካንዴላ ሲባል የእሳቱ ጉዳይ ይመስለዋል። አይደለም። የካንዴላው ጫፍ የተቀበለውን ሙቀት ምን ያህል ፈጥኖ ወደ ቴስታታው ያስተላልፋል ነው ጥያቄው። ፈጥኖ የሚያስተላልፈው ቀዝቃዛ፣ ዘግይቶ የሚያስተላልፈው ሙቅ ይባላል። ጫፉ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች ከሆነ ጥላሸቱን አቃጥሎ ራሱን ማጽዳት አይችልም። ከ850 ገደማ ካለፈ ደግሞ እንደ ፍም ግሎ እሳቱ ሳይታዘዝ በፊት ነዳጁን ያቀጣጥላል። ያን ጊዜ ፒስቶን ይቀልጣል።

ቁጥሩ ላይም ተጠንቀቁ። በኤንጂኬ እና በዴንሶ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ይቀዘቅዛል፤ በቦሽ ግን በተቃራኒው ነው፣ ቁጥሩ ሲጨምር ይሞቃል። ብራንድ ቀይራችሁ ቁጥሩን ብቻ አይታችሁ ከገዛችሁ ጉድ ይፈላል።

እና መቼ ነው ቀዝቃዛ የሚገባው? በሙያው የተለመደው ስሌት ከፋብሪካው በላይ ለተጨመረ ለእያንዳንዱ ከ75 እስከ 100 የፈረስ ጉልበት አንድ ደረጃ ማቀዝቀዝ ነው። የዚህ ልጅ መኪና ምንም አልተጨመረበትም። በቀን የሚነዳውም አሥር ደቂቃ፣ ከቤት ወደ ሥራ፣ ያውም በክረምት ብርድ። በዚህ አነዳድ ሁለት ደረጃ ቀዝቃዛ ቢያስገባ ካንዴላው ሳይሞቅ ጥላሸት ይበላዋል። እኛ አዊዎች ይሄን ከፈረስ እናውቀዋለን። ጥር 23 እንጅባራ ሜዳ ላይ የሚጋልበው ፈረስና ገበያ ጭነት የሚያደርሰው ፈረስ አያያዛቸው አንድ አይደለም።

"በል መጀመሪያ ያሉትን አውጥተህ፣ በየሲሊንደሩ ተራ ደርድረህ ፎቶ ላክልኝ" አልኩት። ላከ። ሦስቱ ቡናማ ናቸው፤ ጤነኛ ናቸው ማለት ነው። አራተኛው ግን ሸክላው ነጣ ብሎ፣ ላዩ ላይ ጥቃቅን የሚያብረቀርቁ ነጠብጣቦች ነበሩበት። ልቤ ድንግጥ አለ። እነዚያ ከፒስቶኑ የተፈነጠሩ የአሉሚኒየም ቅንጣቶች ናቸው፤ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለ ሥርዓት የሚፈነዳ ነገር አለ ማለት ነው። ልጁ ደግሞ ቅዳሜ ውድድር ሜዳ ሊወስዳት አስቧል።

"ልጄ፣ ካንዴላ መግዛቱን ተወው፤ መኪናዋን እንዳትረግጣት፣ አስመርምራት" አልኩት። ጋራዥ ሲታይ የዚያ ሲሊንደር ኢንጀክተር ነዳጅ አሳንሶ ይረጭ ነበር። ኢንጀክተሩ ተቀየረ፤ ካንዴላዎቹም አራቱም በፋብሪካው ቁጥር ተተኩ። ቀዝቃዛ ካንዴላ ቢያስገባ ኖሮ በሽታው አይድንም ነበር። ቅዳሜ ሞተሩን ሊያጣ ይችል ነበር፤ ያ ገንዘብ ደግሞ እናቱ ቤት የሚያቆምበት ገንዘብ ነው።

"ይሄ ለእኛ ምን ያደርግልናል?" የምትሉ አላችሁ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ አገራችን የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና እንዳይገባ ከልክላለች። ኤሌክትሪኩ ካንዴላ አያውቅም፤ እውነት ነው። ግን መንገድ ላይ ያለው ቤንዚን መኪና ገና ብዙ ዓመት ያገለግላል፤ ሞተሩ ከተበላሸ በቀላሉ አይተካም።

ስለዚህ ልጆቼ፦

ኢሪዲየም ካንዴላ በብረት ብሩሽ አትፈትጉ፣ ቀጭን ጫፉንም አትነካኩ። ዕድሜው ይረዝማል፣ እሳቱም በአነስተኛ ቮልቴጅ ይዘላል፤ ቱርቦ ላይ ዋጋው አያስቆጭም።

ዋጋው ከሌላው ሁሉ በጣም ከረከሰባችሁ ተጠራጠሩ። አስመስለው የተሠሩ አሉ። ካርቶኑን ሳይሆን ካንዴላውን ራሱን አገላብጣችሁ እዩት፤ ጽሑፉንና የጥርሱን አሠራር ከአሮጌው ጋር አስተያዩ።

ቴስታታው ሲቀዘቅዝ ፍቱ፣ በእጅ ጀምሩ፣ በመጨረሻ በልኩ አጥብቁ። በጉልበት አይደለም።

ከሁሉም በላይ፣ አዲሱን ከመግዛታችሁ በፊት አሮጌውን አንብቡ። ሞተር አፍ የለውም፤ የሚናገረው በካንዴላው ነው።

ጋራዥ ያላችሁ ልጆቼ ያያችሁትን የካንዴላ ፎቶ ከታች አስቀምጡልን፣ አብረን እናንብበው። ቸር ሰንብቱ።