ያድግበታል

ለሕፃን ልብስ ሲገዛ ሰፋ ተደርጎ ይገዛል፤ እጅጌው ጣቱን ቢሸፍነው፣ ጫፉም መሬት ቢጠርግ ወላጆቹ «ያድግበታል» ብለው ይጽናናሉ። ነገሩ በልብስ ሲሆን ክፋት የለበትም። በእንግሊዝ አገር በሌስተር ከተማ የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ አባት ግን የልጁን የመጀመሪያ ቀስት በዚሁ ሐሳብ ገዛ።

ልጁ ያን ጊዜ የ8 ዓመት ዕድሜ ነበረው። በከተማው ዳር ባለው ሜዳ ሰዎች ፍላጻ ሲወረውሩ አይቶ ስለ ለመነው፣ አባቱ ወደ ሱቅ ገብቶ ትንንሾቹን ሁሉ ዐልፎ ባለ 24 ፓውንዱን ቀስት አነሣ። ይህ ቍጥር የቀስቱ ክብደት አይደለም፤ አውታሩን 28 ኢንች ያህል ስቦ ለመያዝ የሚያስፈልገው ኀይል ነው፤ በኪሎ ቢቈጠር ወደ 11 ይጠጋል። ልጅ ክንዱ አጭር ስለ ሆነ ያን ያህል ርቆ አይስብም፤ ሸክሙም ጥቂት ይቀልለታል። ቢሆንም ለዚያ ዕድሜ ከ10 እስከ 15 ፓውንድ ያለው ይበቃ ነበር። አባትዮው ግን ሁለት ጊዜ ዋጋ ላለመክፈል አሰበ፤ ደግሞም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ልጁ ትልቅ ቀስት ይዞ ሰው እንዲያይለት ወደደ።

ልጁ አውታሩን ለመሳብ ወደ ኋላ ተለመጠ፤ ትከሻው ወደ ጆሮው ወጣ፤ እጁም ተንቀጠቀጠ። በለቀቀውም ጊዜ አውታሩ የግራ ክንዱን ገርፎ አበለዘው። አባቱም «በርታ እንጂ! ወንድ ልጅ አይደለህምን?» አለው። ልጁ ሁለት ሳምንት ያህል በረታ። በሦስተኛው ቀስቱን ከበር ኋላ አቆመው፤ ዳግመኛም ስሙን አላነሣም። አባትዮውም ሰነፍ ነው ብሎ ፈረደበት፤ ይህንንም ፍርድ በእንግዶች ፊት ሳይቀር ተናገረው።

ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ ታናሽ እኅቱ 7 ዓመት ሞላትና እርስዋም ቀስት ፈለገች። አባትዮው ያንኑ ከበር ኋላ የቆመውን ቀስት አንሥቶ፣ ሁለቱንም ልጆች አስከትሎ ወደ ሜዳው ሄደ። በዚያ የሚያስተምሩ አንድ ሽማግሌ ቀስቱን ተቀብለው ቍጥሩን አነበቡና፣ ልጅቱን ትተው ወንድምዋን ተመለከቱት። «ይህን ስትስብ ስንት ዓመትህ ነበር?» አሉት። ስምንት እንደ ነበር ነገራቸው። ሽማግሌው ለአባቱ የወቀሳ ቃል አልተናገሩም፤ ብቻ ከከተማው አጠገብ በምትገኘው በሰርካስተን መንደር የተወለደውን ሂዩ ላቲመርን ጠቀሱለት።

ላቲመር የገበሬ ልጅ ሲሆን በኋላ የዉስተር ጳጳስ የሆነ፣ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1555 ዓመት በኦክስፎርድ ከተማ ስለ ሃይማኖቱ በእሳት የተቃጠለ ሰው ነው። በ1549 በንጉሥ ኤድዋርድ ስድስተኛ ፊት ሲሰብክ አባቱ ቀስት እንዴት እንዳስተማረው ተናግሮ ነበር፤ ይኸውም በዕድሜውና በጕልበቱ ልክ ይገዛለት እንደ ነበረ፣ እርሱ ሲያድግም ቀስቱ እየተለወጠ እየተለቀ እንደ ሄደ ነው። በክንድ ብቻ ሳይሆን በመላ አካሉ እንዲስብም አስተምሮታል። በዚያ ዘመን ነገሩ የጨዋታ አልነበረም፤ በ1541 የወጣው የንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ሕግ፣ አባት ሁሉ ከ7 እስከ 17 ዓመት ላለው ወንድ ልጁ አንድ ቀስትና ሁለት ፍላጻ እንዲያዘጋጅለት ያዝዝ ነበር። ለጦርነት የሚያሳድገው ገበሬ በትንሹ ከጀመረ፣ ለጨዋታ የሚገዛውን ምን አስቸኰለው?

ሽማግሌው ከዚህ በኋላ ወደ ልጅቱ ተመለሱ። መዳፎችዋን አጋጥማ በመካከላቸው ትንሽ ቀዳዳ እንድትተውና፣ በዚያ በኩል ሩቅ ያለውን ዛፍ እያየች እጅዋን ወደ ፊትዋ እንድታቀርብ አዘዙአት። ቀዳዳው ወደ ግራ ዓይንዋ ሄደ፤ ስለዚህ በቀኝ እጅዋ የምትጽፍ ብትሆንም ቀስቱን በቀኝ ይዛ አውታሩን በግራ እንድትስብ ተወሰነ። ባለ 10 ፓውንዱን ሰጥተዋት ሳትንቀጠቀጥ እስከ 10 ቈጠሩላት። ፍላጻውንም ከምትስበው ርዝመት እንዲተርፍ አድርገው መረጡላት፤ ያጠረ ፍላጻ ከቀስቱ ወደ ኋላ ሾልኮ እጅ ሊወጋ ይችላልና። ፍላጻ ሳይገባበት አውታሩን መልቀቅ ቀስቱን እንደሚሰነጥቀውም አስጠነቀቁአት። እጀታው ሳይለወጥ ክንፎቹ ብቻ በጠንካራ የሚተኩበት ዐይነት ስለ ነበር፣ አባትዮው የፈራው ወጪ እንኳ ያን ያህል አልነበረም።

አባትዮው ይህን ሁሉ ቆሞ አየ። ከዚያም በሽማግሌው ፊት ወደ ልጁ ዞሮ «ልጄ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሰነፍ ያልሁህን ይቅር በለኝ» አለው። ልጁ መልስ አልሰጠም። ወደ እኅቱ ሄዶ ወደ ላይ የወጣውን ትከሻዋን በእጁ ዝቅ አደረገላት። ጥቂት ቆይቶም፣ አባቱን ሳያይ፣ «ባለ 14 አለን?» ብሎ ሽማግሌውን ጠየቃቸው።