ሦስተኛው ሰው ሲወጣ



ከዐስር ሶላት በኋላ ጠጋ ብለው ከሚያማክሩን ወጣቶች ብዙዎቹ የሚያነሱት የሥራ ቦታን ጉዳይ ነው። የደመወዝ ማነስና የአለቃ ክፋት እንዳለ ሆኖ፣ ደጋግመን የምንሰማው «ጓደኛዬ ነው ያልኩት ሰው ስሜን አጠፋው» የሚለውን ነው። ጓደኝነቱ እንዴት እንደተጀመረ ስንጠይቅ መልሱ ይመሳሰላል። አብረው ሌላ ሰው ሲያሙ ነው የተቀራረቡት።

አዲስ ሠራተኛ ይገባል፤ ማንንም አያውቅም። በሻይ ሰዓት አንዱ ጠጋ ብሎ «ከእገሌ ተጠንቀቅ፣ ለአለቃ ወሬ አቀባይ ነው» ይለዋል። ልጁ ደስ ይለዋል፤ ታምኗላ! በማግስቱ እሱም ያየውን አንድ ነገር ይዞ ይመጣል፤ ግብዣ ቤት ባዶ እጅ አይኬድም። በሳምንቱ ምሳ አብረው ይበላሉ፣ በወሩ «ሽርክ ሆኑ» ይባላል (ይህች የከተማ ቃል ለኛ ጆሮ ሁሌም ትከብዳለች)። ሠራተኛው ሁሉ ያለበት የቴሌግራም ግሩፕ እያለ ሌላ ግሩፕ ይከፈታል፤ አንድ ሰው ብቻ የሌለበት። ያ ሰው ጠዋት ሲገባ ሁሉም ስልኩን ይደፋል።

ቅርበቱ ውሸት ነው አንልም። ሳቁ እውነት ነው፣ ሙቀቱም እውነት ነው፤ ለመተው የሚከብደውም ለዚህ ነው። ሱረቱል ሑጁራት 12ኛው አንቀጽ ጊባን የሞተ ወንድምን ሥጋ ከመብላት ጋር ማመሳሰሉን ስናስብ፣ ለኛ ጎልቶ የሚታየን ማዕዱ ነው። ብቻውን የሚያማ የለም፤ ሐሜት አብሮ የሚበላ ሰው ይፈልጋል። የሚታማው ደግሞ እንደ ሙት ነው፤ «አይ፣ እንዲህ አይደለም» ማለት አይችልም።

«እውነቱን ነው እኮ ያወራሁት» የሚል ማመካኛ አለ። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህንኑ ተጠይቀው ለይተውታል፤ ያለበትን ካወራህ ጊባ ነው፣ የሌለበትን ካወራህ ቡህታን ነው። ስለዚህ እውነት መሆኑ ከጊባ አያወጣውም።

«ታዲያ አለቃው የትርፍ ሰዓት ክፍያችንን ሲበላ ዝም እንበል?» ይሉናል። በፍጹም! በ676 ዓመተ ሒጅራ የሞቱት ኢማሙ ነወዊ በ«ሪያዱ ሷሊሒን» ሰውን በሌለበት ማንሳት የሚፈቀድባቸውን 6 ሁኔታዎች ዘርዝረዋል፤ ከነሱም በዳይን መክሰስ፣ ፈትዋ መጠየቅና ሰውን ከጉዳት ማስጠንቀቅ ይገኛሉ። ሂንድ ባለቤቷ አቡ ሱፍያን ለሷና ለልጆቿ የሚበቃ ወጪ እንደማይሰጣት ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስትነግር ዝም በይ አልተባለችም። ሴቶችን የሚያስቸግር ባልደረባ ካለ አዲስ ለገባችው እህት መንገር ሐሜት አይደለም፤ መደበቁ ነው የሚያስጠይቀው። ልዩነቱ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ነው። አቤቱታ ማስተካከል ወደሚችል ሰው፣ ማስጠንቀቂያም ሊጎዳ ወደሚችል ሰው ይሄዳል። ሐሜት ግን ከሻይ ጠረጴዛው አያልፍም፤ ክፍያውም ሳይከፈል ይቀራል።

ያ የሚታማው ሰው ሥራ ሲለቅ ደግሞ ሁለቱ ወዳጆች ሻይ ይዘው ይቀመጣሉ፤ ወሬው ያልቃል። ስለ ልጅነታቸው፣ ስለ ቤተሰባቸው ተጠያይቀው አያውቁም። ስለዚህ ሌላ ሰው ይፈለጋል፤ ቅርብ ያለው ደግሞ አንዱ ለሌላው ነው። አንተ ያማኸው ሁሉ እሱ ጋ አለ፤ በስክሪንሹት ሳይቀር።

ተውበት ያደረገ ሰው ላማው ሰው መንገር አለበት ወይ በሚለው ላይ ዑለሞች የተለያየ አቋም አላቸው። መንገሩ የባሰ ጠብ የሚያመጣ ከሆነ፣ ዱዓ ያድርግለት፣ ባማበት ቦታም በመልካም ያንሳው ያሉ አሉ። አንድ ወንድማችን ይህን ሰምቶ ያንኑ ግሩፕ ከፈተና፣ እናቱ የታመመች ቀን ያ ሰው ሥራውን ሸፍኖለት እንደነበር ጻፈ። ለረጅም ሰዓት ማንም አልመለሰም። ማታ ላይ አንደኛው ለብቻው «ለኔም አንድ ጊዜ ገንዘብ አበድሮኛል» ብሎ ጻፈለት።