ስምን መልአክ ያወጣዋል፤ የአገርንስ?

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። ልጅ ሲወለድ ቤተሰብ ተሰብስቦ፣ ታላላቆች ተጠይቀው፣ ትርጉሙ ታይቶ ስም ይወጣል። የመንደርና የአገር ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ አይወጣም። አንዱ ወንዙን አይቶ፣ ሌላው ድንጋዩን አይቶ፣ ሦስተኛው እዚያ የደረሰበትን አስታውሶ የተናገረው ቃል ነው ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር ቆይቶ ስም ሆኖ የሚቀረው። በዛሬው ጽሑፋችን ከዓለም ዙሪያ ጥቂት አስገራሚ፣ አስቂኝና አሰልቺ የቦታ ስሞችን ይዘን ቀርበናል። አብረን ፈገግ እንበል፤ ከፈገግታው በኋላ ግን የምንጠይቀው ነገር አለን።

ከአሰልቺዎቹ እንጀምር። በስኮትላንድ ውስጥ «ደል» የምትባል አንዲት ትንሽ መንደር አለች። ቃሉ በእንግሊዝኛ «ደባሪ» እንደ ማለት ነው። በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት፣ ከፖርትላንድ ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ ደግሞ «ቦሪንግ»፣ ማለትም «አሰልቺ» የተባለ የገጠር ሰፈር ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2012 ደባሪና አሰልቺ በወዳጅነት ተጣመሩ። በኋላም በአውስትራሊያ ኒው ሳውዝ ዌልስ ያለው «ብላንድ» የተባለ ወረዳ ሦስተኛ ሆኖ ተቀላቀላቸው። የዚህኛው ትርጉም «ለዛ ቢስ» ነው! የኦሪገን ግዛትም ኦገስት 9ን የሁለቱ ስሞች መታሰቢያ ቀን አደረገው። ማንም ዞር ብሎ የማያያቸው መንደሮች በአንድ ጊዜ የጋዜጣ ወሬ ሆኑ፤ እንግዳም ይመጣላቸው ጀመር።

ነገሩን ጠጋ ብለን ስናየው ግን ከሦስቱ አንዱም በመሰልቸት የተሰየመ አይደለም። «ደል» ከጌሊክ ቋንቋ እንደመጣ የሚነገር ስም ነው፤ ከእንግሊዝኛው ቃል ጋር በድምፅ እንጂ በትርጉም አይገናኝም። «ቦሪንግ» በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘምቶ በኋላ በዚያ የሰፈረ የዊልያም ቦሪንግ የተባለ ገበሬ የቤተሰብ ስም ነው። «ብላንድ» ደግሞ የዶክተር ዊልያም ብላንድ ስም ሲሆን፣ ሰውየው የመርከብ ሐኪም ሳለ እ.ኤ.አ. በ1813 ቦምቤይ ላይ በሽጉጥ ፍልሚያ ሰው ገድሎ በግዞት ወደ አውስትራሊያ የተላከ ነበር። ሕይወቱ ለዛ ቢስ ነበር የሚለው ይኖራል? ስለዚህ ሣቁ ያለው ከመንደሩ ሳይሆን ከአድማጩ ጆሮ ነው።

ቋንቋውን ሳያውቁ ስም መድገም ሌላም ጨዋታ ያመጣል። «ሰሐራ» በዐረብኛ «በረሃዎች» ማለት መሆኑን ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ ያውቃሉ። እንግዲህ «የሰሐራ በረሃ» ስንል «የበረሃዎች በረሃ» ማለታችን ነው። «ቻድ» የሚለው ስም ሰፊ ውኃ ከሚል የአካባቢው ቃል የመጣ በመሆኑ «የቻድ ሐይቅ» ሐይቅን ሁለት ጊዜ መጥራት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ነጻ የወጣችው ቲሞር ሌስቴም እንዲሁ ናት፤ «ቲሞር» በማላይ ቋንቋ ከ«ምሥራቅ» የመጣ፣ «ሌስቴ» በፖርቱጋል ቋንቋ «ምሥራቅ»፤ በአንድነት «ምሥራቅ ምሥራቅ»!

ሆን ተብለው ለገበያ የወጡ ስሞችም አሉ። በዌልስ አንግልሲ ደሴት ያለች አንዲት መንደር እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ በባቡር የሚያልፈውን መንገደኛ ለመሳብ ሲባል ስሟ ተቀጥሎ ተቀጥሎ በላቲን ፊደል 58 ሆሄያት ደረሰ። ነዋሪዎቹ ግን ትንፋሻቸውን ቆጥበው «ላንቫይር ፒጂ» ብቻ ይሏታል። በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ግዛት ደግሞ «ሆት ስፕሪንግስ»፣ ማለትም «ፍል ውኃ» የምትባል ከተማ ነበረች። አንድ የሬዲዮ ጨዋታ አዘጋጅ «ስሟን በፕሮግራሜ ስም ለለወጠች ከተማ ዐሥረኛ ዓመቴን ከዚያ አስተላልፋለሁ» ባለ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1950 ነዋሪዎቿ ተስማምተው «እውነት ወይም መዘዙ» እንደ ማለት ያለ ስም ወሰዱ። የሬዲዮው ጨዋታ ካበቃ ስንት ዘመን አለፈው፤ ስሙ ግን እስከ ዛሬ አለ። ፍል ውኃውም እንዲሁ እየፈላ ነው፤ ስሙን ግን አጥቷል።

የሚያሳዝነው የኦስትሪያዋ መንደር ነገር ነው። መቶ ያህል ሰው የሚኖርባት ይህች መንደር ከአንድ የጥንት ሰው ስም እንደመጣ የሚታመን ስም ለዘመናት ይዛ ኖራለች። የድሮው ስሟ በእንግሊዝኛ ነውር የሆነ ቃል በመምሰሉ እዚህ መጻፉን ጨዋነት አይፈቅድልንም። ነዋሪዎቹ በጀርመንኛ ምንም ነውር አልተናገሩም። ሆኖም ከሩቅ የሚመጣ ጎብኚ በምልክቱ ሥር ፎቶ ሲነሣ፣ የመንገድ ምልክቱን ነቅሎ ሲሰርቅ፣ ሲያላግጥ፣ በመጨረሻ ሰለቻቸው። እ.ኤ.አ. ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ ሆሄያቱ ተለውጠው መንደሪቱ «ፉጊንግ» ሆነች። አያት ቅድመ አያት የተቀበሩበት ስፍራ በእንግዳ ሣቅ ምክንያት ስሙን ሲለውጥ፣ ጥፋቱ የማን ነው እንላለን?

እርግጥ ስም መለወጥ ሁሉ መጥፎ አይደለም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መጥፎ ትርጉም የነበራቸውን የሰዎችና የቦታዎች ስሞች ወደ መልካም ይለውጡ እንደነበር በሐዲስ መጻሕፍት ተዘግቧል። የስሪብ ተብላ ትጠራ የነበረችው ከተማም ከሂጅራ በኋላ «መዲነቱን ነቢይ» ተባለች፤ ዛሬ የዓለም ሙስሊም ሁሉ «መዲና» ሲል ሌላ ከተማ አያስብም። ልዩነቱ ግልጽ ነው። አንዱ ለውጥ ለቦታው ክብር ሲጨምር፣ ሌላው በመሣለቅ ተገፍቶ የመጣ ነው።

ስምን በኃይል ማጥፋትም ቢሆን ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ711 ጣሪቅ ኢብን ዚያድ ባሕሩን ተሻግሮ የወጣበት ተራራ «ጀበል ጣሪቅ» ተባለ፤ ዛሬ አውሮፓውያን «ጂብራልታር» የሚሉት እሱን ነው። የስፔን ታላቅ ወንዝ «ጓዳልኪቪር» «አል-ዋዲ አል-ከቢር»፣ ታላቁ ወንዝ ነው። የደቡብ ፖርቱጋሉ «አልጋርቭ» «አል-ገርብ»፣ ምዕራብ ነው። ግራናዳ እ.ኤ.አ. በ1492 ወደቀች፤ እ.ኤ.አ. ከ1609 እስከ 1614 ባለው ጊዜ የሙስሊሞቹ ልጆችና የልጅ ልጆች ክርስትናን ተቀብለው እንኳ ከአገሩ ተባረሩ። ስሞቹ ግን አልተባረሩም። እንዲያውም «ዋዲ አል-ሒጃራ»፣ የድንጋዮች ሸለቆ፣ «ጓዳላሃራ» ሆኖ በስፔናውያን ከንፈር ውቅያኖስ ተሻግሮ የሜክሲኮ ታላቅ ከተማ መጠሪያ ሆኗል።

ወደ ቤታችን እንመለስ። አዲስ አበባ ላይ «ሰባራ ባቡር»፣ «እሪ በከንቱ»፣ «ዶሮ ማነቂያ» ስንል እንግዳ ሰው ይሥቃል። ነገር ግን «ሰባራ ባቡር» በዐፄ ምኒልክ ዘመን የመጣ የእንፋሎት መኪና ተሰብሮ የቀረበትን ቦታ ያስታውሰናል። «እሪ በከንቱ» ደግሞ ሰው ተዘርፎ ቢጮህ የሚደርስለት እንዳልነበረ የሚናገር የድሮ ምስክር ነው። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ አካባቢ ብዙ የቆዩ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቹ ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውረዋል። ቤቱ ሲፈርስ ስሙን ተሸክሞ የሚቀረው ሰው ብቻ ነው። ያም ሰው ካልተናገረ፣ ልጁም ካልጠየቀ፣ ስሙ ያለ ባለቤት ይቀራል።

ስለዚህ ውድ ወላጆች፣ በአንድ ምሽት ልጆቻችሁን ሰብስባችሁ የተወለዳችሁበት መንደር ለምን እንዲያ እንደተባለ ንገሯቸው። ልጆችም አያቶቻችሁ በሕይወት ሳሉ ጠይቁ፤ የሰማችሁትንም በደብተር ጻፉ። የሌላው አገር ስም ሲያሥቃችሁም ከሣቁ በፊት «ትርጉሙ ምን ይሆን?» በሉ።