በቁስቋም ፍርስራሽ መካከል

ከጎንደር ከተማ በስተ ሰሜን ምዕራብ ባለው ኮረብታ ላይ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት የቁስቋም ግቢ ይገኛል። ካሜራ ይዘን ወጣን። አዳራሹ ጣራ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1888 የመህዲ ጦር ጎንደርን ሲያቃጥል ቁስቋምም አልቀረለትም። የፈረሰውን ግንብ ደጋግመን ፎቶ አነሳን።

በቤተ ክርስቲያኑ ግን የእቴጌይቱ፣ የልጃቸው የዳግማዊ ኢያሱና የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ አፅም መስታወት ባለው ሣጥን ውስጥ ይታያል። እዚህ ስንደርስ ካሜራችንን ዘጋን። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የአንድ አይሁዳዊ አስከሬን ሲያልፍ ተነሥተው ቆመዋል፤ የሰው ክብር በሞቱ አያበቃምና።

ወጣቶች ሆይ! ግንቡን ፎቶ አንሡ፤ አፅሙን ግን አይታችሁ፣ የራሳችሁን ሞት አስታውሳችሁ እለፉ።